ቤተሰብ አረጋግጧል

አዳማ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

ስለ ባለቤቴ ስለ ንዋይ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸውልሽ። ይበላል። ቀኝ እጁ ገና ስላልታዘዘው በግራው ይበላል፤ ሳህኑን ሳይጨርስም ከወንበሩ አይነሳም። እንቅልፉ መልካም ነው። ንግግሩ ግን እንደነበረው ነው። ቃሉ አፉ ድረስ ይመጣና ይመለስበታል፤ አንዳንዴም ያልጠራው ቃል ቀድሞ ይወጣል። ትናንት መነጽሩን ፈልጎ «በር፣ በር» ሲለኝ አረፈደ። በሩን ስከፍት ስዘጋ ቆይቼ መጨረሻ ላይ እሱው ተነስቶ መነጽሩን ከመጽሐፉ ሥር አወጣ።

ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ የተባለ ነገር ማህደር ውስጥ አይገባም። ይህን ካርድ ክፍል አጠገቤ በተቀመጥሽበት በመጀመሪያው ቀን ነግሬሻለሁ። ስለዚህ ጽፌ በሻሸመኔ መስመር ሹፌሩ በኢፋ እጅ ልኬልሻለሁ። ፖስታው ተከፍቶ ከደረሰሽ አሳውቂኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 18 ለሠርግ እናንተ ከተማ መጥተን ንዋይ ሲወድቅ አንጎሉ ውስጥ ደም መፍሰሱን ያወቃችሁት እናንተ ናችሁ፤ ነፍሱን ያተረፋችሁትም እናንተ ናችሁ። ምስጋናዬ አያልቅም። ስንወጣ የተሰጠንን ወረቀት ይዤ እዚህ የንግግር ሕክምና ወደምትሰጥ ልጅ ሄድኩ። ሃኒ ትባላለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ወረቀቱን አየችና «እማማ፣ ይህ ኮድ እኮ የመርሳት በሽታ ነው። እኔ የማስተምረው ደም ከፈሰሰባቸው በኋላ ቋንቋ የጠፋባቸውን ነው። የመርሳት ከሆነ እኔ ጋ መመላለሱ ድካም ብቻ ነው የሚሆንባቸው» አለችኝ። የምትይዘው አሥር ሰው ነው፤ ዘጠኙ ሞልቷል። አሥረኛውን ቦታ እስከ ኅዳር 30 ልትጠብቅልኝ ቃል ገብታለች። ከዚያ ካለፈ የሚቀጥለው ዙር ሰኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ እርጥብ ጭቃ ናቸው፣ ሰኔ ሲደርስ ይደርቃል ብላኛለች።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ኤፍ 01 አንስተሽ ትክክለኛውን ኮድ ጻፊልኝ። ንዋይ የረሳው ነገር የለም። እሑድ ዕለት የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ መስከረም ላይ ቆሞ መቅረቱን አይቶ ተነስቶ የገለጠው እሱ ነው። የረሳሁት እኔ ነኝ።

የሺዓለም


አርሲ ነገሌ

እትዬ የሺዓለም፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጋሼ ንዋይስ? ፖስታው ሳይከፈት ደርሷል። ኢፋ «እማማን ንገሪልኝ፣ በዓይኔም አልነካሁት፤ መንገዱን ሁሉ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው ያመጣሁት» ብሏል። ከእርስዎ የተላከ ነገር ከትራፊክ ፖሊስ በላይ ያስፈራዋል።

ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እምቢ የማለት አቅም ስላልነበረኝ አራት ቀን ዘገየሁ። እትዬ፣ ኮዱን መለወጥ አልችልም።

ኮድ የሚሰጥ ሰው ሐኪም የጻፈውን ወደ ቁጥር ይመልሳል እንጂ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በ2001 ዓ.ም. «ራስ ምታት» የሚለውን ካርድ «ማይግሬን ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ስመዘግብ እስክሪብቶዬን ተቀብለውኝ ግማሽ ቀን እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። «ሳይሆን አይቀርም የሚባል በሽታ የለም» ነበር ያሉኝ። ዛሬ ሦስት ልጆች በሥሬ አሉ፤ ይህንኑ እየነገርኩ ነው የማስጨንቃቸው።

ማህደሩን አውጥቼ አየሁት። ዶክተር ይትባረክ በድንገተኛ ክፍል የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «በሽተኛው ስሙን አያውቅም። በአማርኛና በኦሮምኛ ተጠይቆ የሌላ ሰው ስም ይናገራል። ቤተሰብ አረጋግጧል።» የመርሳት በሽታ የሚለው መደምደሚያ የመጣው ከዚያ ነው። በሚቀጥሉት ቀናት የገቡት ሐኪሞችም ያንኑ እየገለበጡ ሄደዋል።

ኮዱ የሚነቃነቀው ዶክተሩ ራሳቸው አዲስ ማስታወሻ ከጻፉ ብቻ ነው። እንዲጽፉ ደግሞ የመጀመሪያው ስህተት መሆኑን የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ልጠይቅዎት፦ ያረጋገጠው ቤተሰብ ማን ነበር? ምን ብሎ ነው ያረጋገጠው?

አይቆጡኝ።

ልጅዎ ኑኃሚን


አዳማ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑኃሚን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ላይ ቀን አልጻፍሽበትም። ኢፋን ጠይቄ «ጥቅምት 11» ብዬ ራሴ ጽፌበታለሁ። ቀን የሌለው ወረቀት ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው፤ ይህንንም ነግሬሽ ነበር።

አልተቆጣሁም። ያስተማርኩትን ስትመልሺልኝ እንዴት እቆጣለሁ? ትንሽ ከፋኝ እንጂ። ከፍቶኝም ሳለ ለጎረቤቴ ለአብዱልመናን «ያሳደግኳት ልጅ በሕግ ከለከለችኝ» ብዬ ስነግረው በኩራት ነበር።

በኢፋ በኩል የጉልበቴን ነገር ጠይቀሻል፤ የላክሽልኝ ዘይት ረድቶኛል፣ ተባረኪ። ቤቱ ለንዋይ የሚመች መሆኑንም ጠይቀሻል። ምንጣፉን አንስቼዋለሁ፤ መታጠቢያ ቤት የሚያዝበት ብረት ተገጥሟል።

አሁን ማስረጃ ከፈለግሽ ይኸው። አብዱልመናን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ከንዋይ ጋር ዳማ ይጫወታል። መጀመሪያ ቀን አዝኖለት ጠጠሩን ሆን ብሎ ያስበላ ነበር። ንዋይ አየው፣ ጠጠሮቹን ሰብስቦ ሰሌዳው ላይ እንደገና ደረደረና በጣቱ «ጀምር» አለው። በሁለተኛው ጨዋታ ሦስት ንጉሥ አወጣበት። ጠጠር በበላ ቁጥር «ዝናብ» ይላል። ለምን ዝናብ እንደሚል አላውቅም፤ የወጣለት ቃል እሱ ነው። አብዱልመናን ደግሞ «ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚዘንበው?» ይለዋል። ትናንት አምስት ለባዶ ተሸንፎ ሲወጣ በሩ ላይ «እትዬ፣ እሱ የመርሳት በሽታ ካለው እኔ ምን አለብኝ?» አለኝ።

የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ሦስት እርምጃ አስቀድሞ አስቦ ወጥመድ ይዘረጋል? ይህን ለዶክተሩ አንብቢለት።

ለጠየቅሽው፣ በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ ግርግር ነበር። ብዙ ሰው ነበር። ማን ምን እንዳለ በትክክል ማስታወስ ይከብደኛል።

ቀኑ እየሄደ ነው።

የሺዓለም


አርሲ ነገሌ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የሺዓለም፣

ቀን ጽፌያለሁ።

የዳማውን ነገር ለዶክተር ይትባረክ ነገርኳቸው። ሳቁና «ጥሩ ምልክት ነው» አሉ፤ ግን «እኔ ያየሁት ሰው ስሙን አያውቅም ነበር፤ ባለቤታቸውም አይደለም ብለውኛል» አሉ። በዳማ ብቻ ማህደር አይከፈትም።

አንድ ነገር ልንገርዎትና ከዚያ በኋላ አልጠይቅዎትም። የድንገተኛ ክፍሉን የመግቢያ መዝገብ አየሁት። በዚያ ክፍል አስታማሚ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ቀን የተጻፈው ስም የእርስዎ ነው። የፈረሙትም እርስዎ ነዎት፤ ፊርማዎን በጨለማም አውቀዋለሁ።

እትዬ፣ እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። እኔም የደበቅኩት አለኝ። ኤፍ 01 የምትለዋን ኮድ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከሥሬ ያሉት ልጆች አይደሉም፤ እኔው በእጄ። በዚያ ቀን የሲቲ ስካኑ ወረቀት ማህደሩ ውስጥ ነበር፤ ደም የፈሰሰው በግራ በኩል ነው ይላል። ቋንቋ የሚቀመጥበት ጎን መሆኑን አውቃለሁ። ጋሼንም አውቃቸዋለሁ። ሠርጌ ላይ ወላጅ ሆነው የቆሙልኝ፣ ያለ ወረቀት ግማሽ ሰዓት የመረቁኝ ሰው ናቸው። ሐኪም የጻፈውን መለወጥ አልችልም፤ ግን «ዶክተር፣ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ይፈቀድልኝ ነበር። ሥራዬም ነበር። ስሙን ሳየው ቶሎ ዘግቼ ወደሚቀጥለው ማህደር ሄድኩ። እርስዎን ለመጠየቅ አልጋው ድረስ መጥቼ ለአምስት ደቂቃ ብቻ የቆየሁት ለዚያ ነው።

እንግዲህ እኔ የእኔን ተናግሬያለሁ። ኅዳር 30 ሩቅ አይደለም።

ጋሼን ይሳሙልኝ።

ኑኃሚን


አዳማ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑኃሚን፣ በእሷም በኩል ለዶክተር ይትባረክ፣

ይህ ደብዳቤ ማህደሩ ውስጥ እንዲገባ እፈቅዳለሁ።

የምጽፈው ንዋይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነው። እያንዳንዱን መስመር እያነበብኩለት ነው። ይህ ሁለተኛው ወረቀት መሆኑንም ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ላይ «ግርግር ስለነበረ በደንብ አልሰማሁም» ብዬ ጽፌ ሳነብለት በግራ መዳፉ ጠረጴዛውን መታ። ደግሜ አነበብኩት፤ ደግሞ መታ። ቀደድኩት።

የሆነው እንዲህ ነው። ሐኪሙ «ስምዎ ማን ይባላል?» አለው። ንዋይ «ጋሮምሳ» አለ። ሌላው ቃል ሁሉ ሲሸሸው ይህኛው አልሸሸውም፤ ጥርት አድርጎ ነው ያለው። ሐኪሙ ካርዱን አየ፤ ካርዱ ንዋይ ጉደታ ይላል። ነርሷ በኦሮምኛ «መቃን ኬሰን ኤኙ?» ብላ ስሙን ጠየቀችው። «ጋሮምሳ» አለ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «ትክክል ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ ስሙ ንዋይ ነው» አልኩ። «ጋሮምሳ የሚባል ሰው ያውቃሉ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩ።

አውቃለሁ። ጋሮምሳ እናቱ ደራ ላይ ያወጡለት ስም ነው። ትምህርት ቤት በገባበት ቀን ዳይሬክተሩ መዝገቡ ላይ ንዋይ ብሎ ጻፈው። በዚያ ዘመን ጠዋት በአንድ ስም ወጥተው ከሰዓት በሌላ ስም የተመለሱ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዲፕሎማው፣ የሥራ ደብዳቤው፣ የጋብቻ ወረቀታችን፣ ሁሉም ንዋይ ነው። ስሙን አልረሳም ነበር። ከሁለቱ ቀድሞ የተሰጠውን ነው የተናገረው።

ለምን እንዲህ አደረግሽ ብትሉኝ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ካርድ ክፍል ውስጥ «አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ አንድ ካርድ» ስል ኖሬያለሁ። ሁለት ስም ከሰጠኋቸው የደሙ ውጤት ሌላ ሰው ማህደር ውስጥ ይገባል ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ እንዲህ ነው። በ1971 ስንጋባ እናቱን እንግዳ ፊት ጋሮምሳ ብለው እንዳይጠሩት ለመንኳቸው። እኔ በሥርዓት የተማርኩ፣ ጓደኞቼም እንደኔ የተማሩ ነበሩ፤ አፈርኩ። እሳቸው ትሑት ነበሩና ሰሙኝ። እስኪሞቱ ድረስ በእኔ ቤት ልጃቸውን ንዋይ እያሉ ጠሩት። አልጋው አጠገብ ቆሜ «አላውቅም» ያለው አፌ ያን ጊዜ የለመደው ነው።

ዶክተር፣ እሱ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ለማንም ስሙን አልተናገረም።

ከሁለት ወር በላይ አብሬው ስበላና ስጠጣ ይህን አላነሳሁም። ዛሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር ማለቱን አልነገረኝም፤ ለመናገርም ቃሉ የለውም። ወረቀቱን ጎተት አደረገና ጣቱን ግርጌው ላይ፣ ፊርማዬ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አሳረፈ።

ፈርሜያለሁ።

የሺዓለም ወልደሰማያት
የጋሮምሳ ንዋይ ጉደታ ባለቤት


አርሲ ነገሌ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የሺዓለም፣

ደብዳቤውን ራሴ ወስጄ ለዶክተር ይትባረክ ሰጠኋቸው። ቆመው ጀምረው ተቀምጠው ጨረሱ። እኔ ልወጣ ስል «አባቴም ሁለት ስም አለው» አሉኝ።

ከዚያ ማህደሩን አስመጥተው የራሳቸውን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ። «ስሙን ጠየቅኩ እንጂ እጅዎን ያንሱ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ ብዬ አላዘዝኩም። የሚናገረውን ሰማሁ እንጂ የሚረዳውን አልፈተንኩም» አሉ። በደብዳቤ ብቻ አዲስ ማስታወሻ አይጽፉም፤ ጋሼን እንደገና ማየት አለባቸው። ሐሙስ ኅዳር 12 ጠዋት ሦስት ሰዓት ይዘንልዎታል። ኢፋ ከፊት ያለውን ወንበር እንዲይዝላችሁ ነግሬዋለሁ፤ «እማማ ከኋላዬ ሆነው መንገድ ከሚያርሙኝ ከጎኔ ቢሆኑ ይሻለኛል» ብሏል። ባቱ ላይ አቁሞ ጋሼን ያሳርፋቸዋል።

መግባት ይፈቀድልኛል ወይ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ይፈቀዳል። ዶክተሩ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውኛል፣ እንደነገሩኝ ልጻፍልዎት፦ «እሳቸው አይናገሩም። አያርሙም። ቃል አያቀብሉም። ራሳቸውንም አይነቀንቁም። ግንባራቸውን ካየ መልሱን ሊያነብ ይችላል።» ይህን ማድረግ ከከበደዎት ኮሪደሩ ላይ ጥሩ ወንበር አለ፤ እኔም አብሬዎት እቀመጣለሁ።

ይህን ስጽፍልዎት እየሳቅኩ እንደሆነ አልደብቅዎትም። የካርድ ክፍል ሰው ሁሉ እርስዎ ዝም ሲሉ ለማየት ፈቃድ ሊጠይቅ ነው።

ሳትፈሩ ኑ።

ኑኃሚን


አርሲ ነገሌ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የሺዓለም፣

በሰላም መግባታችሁን ኢፋ ነግሮኛል። ያመጡልንን ዳቦ ሳይሰጡን ስለረሱት ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም፤ መስኮቱ ላይ አግኝተነው ከልጆቹ ጋር በላነው። ዳቦ ሲረሱ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አዲሱ ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል። ለሃኒ ከመስጠትዎ በፊት ምን እንደሚል ልንገርዎት። ኤፍ 01 ወጥቷል። በቦታው ሁለት ኮዶች አሉ። አንደኛው አይ 69.1 ነው፤ የአንጎል ደም መፍሰስ ትቶት ያለፈ ጉዳት ማለት ነው። ሁለተኛው አር 47.0 ነው፤ የቋንቋ መጥፋት። የመጀመሪያው ከየት እንደመጣ ይናገራል፣ ሁለተኛው ምን እንደቀረ። አንዱን ብቻ ብጽፍ ሃኒ ግማሽ ሰው ነው የምትቀበለው። ለሁለቱም ዶክተሩን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው «ኑኃሚን፣ ምን ሆነሻል ዛሬ?» አሉኝ።

ዶክተሩ የጻፉትን ቃል በቃል፦ «የታዘዘውን አሥራ ሁለት ትእዛዝ ሁሉ በትክክል ፈጽሟል። ከሃያ ዕቃዎች የአራቱን ስም ብቻ መጥራት ችሏል፤ ሲጠሩለት ግን ሃያውንም አሳይቷል። ስሙን ያውቃል። የመርሳት በሽታ ምልክት የለውም። ቀድሞ የተጻፈው በቂ ምርመራ ሳይደረግ የተጻፈ ነው።»

ካርዱ ላይ «ሌላ መጠሪያ» የሚል መስመር አለ። በእርስዎ ዘመን አልነበረም፤ በእኔ ዘመን ደግሞ ማንም አይሞላውም። እኔ ሞልቼዋለሁ። አንድ ሰው፣ ሁለት ስም፣ አንድ ካርድ። የደም ውጤታቸው የትም አይጠፋም፣ እርስዎ አያስቡ።

ኮሪደር ላይ ጋሼ ምን ብያቸው እጄን እንደያዙኝ ጠይቀውኛል። ይቅርታ ነው የጠየቅኩት። ስለ ኮዷ። እጄን ይዘው «ዝናብ» አሉኝ። ከአብዱልመናን ጋር የሚሉት ከሆነ አሸንፈውኛል ማለት ነው፤ ሌላ ከሆነም ተቀብያለሁ።

እርስዎን ደግሞ በበሩ መስታወት አይቼዎታለሁ። ማበጠሪያውን አሳይተዋቸው «ምንድን ነው?» ሲሏቸውና ጋሼ «ድልድይ» ሲሉ መሐረብዎን አፍዎ ላይ ጭነው ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር። አርባ ደቂቃ ሙሉ። በሕይወቴ ካየኋቸው ከባድ ሥራዎች አንዱ ነው።

ሃኒ ምን እንዳለች ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኑኃሚን


አዳማ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኑኃሚን፣

ሰላምሽ ይብዛ። ለመልስ አንድ ወር ዘግይቻለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢዘገይብኝ የምለውን ታውቂያለሽ፤ አንቺም በይኝ።

ሃኒ ወረቀቱን ኅዳር 19 ተቀበለች። ሁለቱን ኮዶች አይታ «ይህን የጻፈው ሰው ሥራውን ያውቃል» አለች። አሥረኛው ወንበር የእሱ ሆነ። ማክሰኞና ሐሙስ እንሄዳለን፤ እስካሁን አንድም ቀን አልቀረንም።

ተሻለው ወይ ብለሽ ሦስት ጊዜ በኢፋ አስጠይቀሽኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀስ ብሎ ነው። ከሃያው የዘጠኙን ስም ይጠራል። ሃኒ የምትጠራው ጋሮምሳ ብላ ነው፤ መጀመሪያ ቀን የትኛውን እንደሚመርጥ ጠይቃው እሱን መረጠ። እኔ ገና ነኝ። ወጥ ቤት ብቻዬን ሆኜ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አፌ ላይ የሰው ጫማ እንደማድረግ ሆነብኝ። እለምደዋለሁ። እናቱ የእኔን ፍላጎት ለመልመድ ሠላሳ ዓመት ታግሠዋል።

ለእኔም ሥራ ተሰጥቶኛል። ቃል ሲፈልግ አላቀብልም፤ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። የሳተውንም በደብተር እመዘግባለሁ፤ ሊል የፈለገውን በአንድ ረድፍ፣ ያለውን በሌላ ረድፍ። ሃኒ ደብተሩን አይታ «እማማ፣ በማስመሪያ ነው እንዴ ያሰመሩት?» አለችኝ። በምን ላሰምር ኖሯል?

እንግዲህ ይህን ልንገርሽና አበቃለሁ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ወተት የገባበት ቡናውን ሳቀርብለት ስኒውን አይቶ «ሶጊዳ» አለኝ። በኦሮምኛ ጨው ማለቱ ነው። ቃል ሲሳሳት ጎረቤቱን ይዞ እንደሚወጣ ሃኒ ነግራኛለች፤ ማንኪያን ሹካ፣ ስኳርን ጨው ይላል። ስለዚህ ስኳሩን ጨመርኩለትና በደብተሩ «ስኳር፣ ሶጊዳ» ብዬ መዘገብኩ። ማክሰኞም «ሶጊዳ» አለ፤ ስኳር ጨመርኩ፣ መዘገብኩ። ረቡዕም እንዲሁ። ቡናውን ይጠጣል ግን ስኒው ውስጥ ግማሹን ይተዋል።

ሐሙስ ለሃኒ ነገርኳት። «ያለውን ይስጡት እንጂ፤ የተሳሳተ ከሆነ ራሱ ያገኘዋል» አለችኝ። ዓርብ ጠዋት «ሶጊዳ» ሲል እስከ አሥር ቆጠርኩና ጨው ጨመርኩለት። ፊቱን ያጨማድዳል ብዬ ጠበቅኩ። ስኒውን እስከ አተላው ጠጣው። አስቀመጠና ወደ እኔ ገፋው። ድገሚኝ ማለቱ ነው።

ደራ ለእህቱ ለሆራ ደወልኩ። «ሆራ፣ ወንድምሽ ቡና በጨው ጠጣ» አልኳት።

«ታዲያ በምን ይጠጣ?» አለችኝ።

«በስኳር ነዋ።»

«እንዴ የሺ፣ እኛ ቤት ቡና መቼ በስኳር ተጠጥቶ ያውቃል? እናታችን በጨውና በወተት ነበር የምታጠጣን። ስኳር የለመደው እኮ አንቺን ካገባ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ለምን አትነግራትም ብለው፣ ‹ተያት፣ እሷ ካፈላችው ይበቃኛል› አለኝ። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም አለ እንዴ?»

ልጄ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሲናገር ያልነገረኝን ቃል ሲጠፋው ነገረኝ።

ደብተሩን አወጣሁ። ሦስቱንም መስመር በማስመሪያ ሰረዝኳቸው። ከጎናቸውም «ስህተት አይደለም። የተሳሳተው መዝጋቢው ነው» ብዬ ቀኑን ጽፌ ፈረምኩበት።

አሁን በየጠዋቱ የጨው ዕቃው ከስኳሩ ጎን ይቀርባል። ዛሬ ሁለተኛውን ስኒ ሲቀበለኝ ባዶውን ወንበር በእግሩ ጎተት አድርጎ በምልክት ተቀመጪ አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስኒውን ሰጠኝና ቀመስኩለት። ምንም አይጥምም። ይህን ግን አልነገርኩትም።

ሁለታችንም እንወድሻለን።

የሺዓለም